እናቶች ዝም ያሉትን ልብ ወለድ ሲናገረው

አንድሬ ደ ዮንግ የምትባል ቤልጂጋዊት ነርስ በአንድ ወቅት አዲስ አበባ ውስጥ በሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል አገልግላለች። ከአዲስ አበባ ሌላ በኮንጎ፣ በካሜሩንና በሴኔጋልም ሰው ይሸሻቸው የነበሩትን ሕሙማን ቀርባ አስታማለች። በከተማችን መንገድ ላይ ካዩዋት ሰዎች መካከል ማንነቷን ያወቁት እጅግ ጥቂቶች ይመስሉኛል።

ይህች ነርስ በወጣትነቷ ከናዚ ጀርመን እጅ ሰዎችን የሚያሾልክ የአንድ ምስጢራዊ መስመር መሪ ነበረች። ጀርመን በ1940 ቤልጂግን ስትይዝ ዕድሜዋ 23 ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በኦገስት 1941 አንድ የእንግሊዝ ወታደርና ሁለት ቤልጂጋውያንን አስከትላ የፒሬኔስን ተራሮች በእግሯ አቋርጣ፣ ስፔን ውስጥ ቢልባኦ ከተማ ካለው የእንግሊዝ ቆንስላ ደረሰች። የቆንስላው ሰዎች ይህች ቀጭን ልጅ ከብራስልስ ድረስ ሰው አሹልካ መጣች መባሉን ለማመን ተቸገሩ። እሷ ግን ጥያቄዋ ቀላል ነበር፦ ወጪያችንን ሸፍኑልን፣ እኛ ሌሎችንም እናመጣለን፤ መስመሩን የምንመራው ግን ራሳችን ነን።

ይህ መስመር በኋላ "ኮሜት" ተብሎ ተጠራ። በአየር ጦርነቱ አውሮፕላናቸው ተመትቶ በፓራሹት የወረዱ አብራሪዎችን ተቀብሎ በመኖሪያ ቤቶች ይደብቃል፣ የሲቪል ልብስ ያለብሳል፣ የሐሰት መታወቂያ ይሰጣል፣ በባቡር ወደ ፓሪስ ከዚያም ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ይወስዳል፤ በመጨረሻም ተራራውን በሌሊት ያሻግራል። መንገድ መሪው ፍሎሬንቲኖ ጎይኮኤቼያ የሚባል የባስክ ተወላጅ ኮንትሮባንዲስት ነበር። ደ ዮንግ በግሏ ብቻ ከ100 በላይ ሰዎችን አድርሳለች። አባቷ፣ የትምህርት ቤት መምህሩ ፍሬዴሪክ፣ አብረዋት ሠርተዋል፤ በ1944 ጀርመኖች ፓሪስ አጠገብ በጥይት ደብድበው ገድለዋቸዋል።

እሷን ያነሣሁት ልጄ በጠየቀችኝ ጥያቄ ምክንያት ነው። ልጄ የአሥራ አምስት ዓመት ናት። ከጓደኛዋ የተዋሰችውን "ዘ ናይቲንጌል" የተባለ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ በሦስት ሌሊት ጨረሰችና "እማዬ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?" አለችኝ። ዛሬ በየመጻሕፍት መደብሩ ሴቶች ፋሺዝምንና ናዚዝምን እንዴት እንደታገሉ የሚተርኩ ታሪካዊ ልብ ወለዶች በዝተዋል። ልጆቻችን ያነቧቸዋል፣ ፊልሞቻቸውንም ያያሉ። "እውነት ነው ወይ?" ለሚለው ጥያቄ "አዎ" ወይም "አይ፣ ፈጠራ ነው" ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ሦስት ሳምንት አብሬያት አነበብኩ።

እውነቱ የቱ፣ ፈጠራው የቱ?

"ዘ ናይቲንጌል" አሜሪካዊቷ ደራሲ ክሪስቲን ሃና በ2015 ያሳተመችው ነው። ናይቲንጌል በሌሊት የምትዘምር ወፍ ናት። የወፏ የፈረንሳይኛ ስም ሮሲኞል ሲሆን የዋናዋ ገጸ ባሕርይ የቤተሰብ ስምም ይኸው ነው። ታሪኩ የሁለት እህትማማቾች ነው። ታናሽየዋ ኢዛቤል ቁጡ፣ ደፋርና ለብቻዋ ያደገች ናት፤ አብራሪዎችን ፒሬኔስን ታሻግራለች። ታላቅየዋ ቪያን የገጠር አስተማሪ ናት፤ ባሏ ዘምቶ ተማርኳል፣ ትንሽ ልጇን ይዛ በቤቷ ቀርታለች።

ክሪስቲን ሃና ኢዛቤልን ለመፍጠር ያነሣሣት የአንድሬ ደ ዮንግ ታሪክ እንደሆነ ተናግራለች። ስለዚህ ተራራው እውነት ነው። የሐሰት መታወቂያው፣ የባቡሩ ፍተሻ፣ አንድ የባዕድ አገር አብራሪ በአበላሉ ወይም በአረማመዱ ብቻ ሊጋለጥ መቻሉ እውነት ነው። ልጄ "ይሄስ አይመስለኝም" ያለችው አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉም በላይ እውነት ሆኖ ተገኘ። በልብ ወለዱ ውስጥ ኢዛቤል ስትያዝ "መሪዋ እኔ ነኝ" ብትልም ጀርመኖች አያምኗትም። ደ ዮንግም በጃንዋሪ 1943 ስትያዝ ሌሎችን ለማትረፍ መሪዋ እሷ መሆኗን ተናግራ ነበር። መርማሪዎቿ ግን እንዲህ ያለ ሥራ በአንዲት ወጣት ሴት ይመራል ብለው አልተቀበሏትም። ንቀታቸው ሕይወቷን ሳያተርፍላት አልቀረም።

ልብ ወለዱ ከእውነቱ የሚለይባቸው ቦታዎችም አሉ። ኢዛቤል ፈረንሳዊት ናት፣ ደ ዮንግ ቤልጂጋዊት ነበረች። የኢዛቤል የፍቅር ታሪክ የደራሲዋ ነው። ደ ዮንግ ራቨንስብሩክና ማውትሃውዘን በተባሉት ማጎሪያዎች ውስጥ አልፋ ከሞት ተርፋ፣ ከላይ እንዳልኩት ዕድሜዋን በአፍሪካ ሕሙማንን ስታገለግል ኖራ፣ በ2007 በ90 ዓመቷ ብራስልስ ውስጥ አረፈች። ልብ ወለዱ የወጣው እሷ ካለፈች ከስምንት ዓመት በኋላ ነው።

ልብ ወለዱ ያልያዘው አንድ ስም ለልጄ ነገርኳት። ደ ዮንግ የተያዘችው ፈረንሳይ ውስጥ ኡሩኝ በተባለች መንደር፣ በአንድ የገበሬ ቤት፣ ከሦስት አብራሪዎች ጋር ነበር። በዚያ ሌሊት ወንዙ ሞልቶ ማሻገር አልተቻለም። የቤቱ ባለቤት ፍራንቺያ ኡሳንዲዛጋ የምትባል ልጆች ያሏት ባሏ የሞተባት ባስካዊት ነበረች። እሷም አብራ ተያዘች፤ በ1945 ራቨንስብሩክ ውስጥ ሞተች። ተራራ አልወጣችም፣ መሪ አልነበረችም፤ በር ከፍታ ሾርባ አሙቃለች። ልጄ ዝም ብላ ቆይታ "ልጆቿስ?" አለችኝ። የቤተሰብ ጥያቄ ነውና ደስ አለኝ።

ጦርነት ቤት ሲገባ

ለወላጅ ከኢዛቤል ይልቅ ቪያን ትከብዳለች። ፈረንሳይ በ1940 ስትሸነፍ 1.8 ሚሊዮን ያህል ወታደሮቿ ተማርከዋል። በየመንደሩ የቀሩት በአብዛኛው ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ልጆች ናቸው። ስለዚህ ወራሪውን በየቀኑ ፊት ለፊት የገጠመችው ዳቦ ለመግዛት የራሽን ካርድ ይዛ የምትሰለፍ እናት ናት። በቪያን ቤት ደግሞ የጀርመን መኮንን በግድ ገብቶ ተቀምጧል። በጠረጴዛዋ ይበላል፣ ልጇን ያጫውታል፣ ክፉ ሰውም አይመስልም።

አንድ ቀን ይህ መኮንን በጨዋ ደንብ የሚያስተምሩባትን ትምህርት ቤት መምህራን ማንነት የሚገልጽ ዝርዝር እንድትጽፍለት ይጠይቃታል። አይሁድ የትኞቹ ናቸው? ኮሚኒስትስ? ቪያን ትጽፋለች። በዝርዝሩ ውስጥ የቅርብ ጓደኛዋ ስም አለ።

ልጄ ተናደደች። "እኔ ብሆን አልጽፍም ነበር!" አለች። "ታናሽ ወንድምሽ ጓዳ ተኝቶ፣ እሱ መሣሪያ ታጥቆ ሳሎን ተቀምጦ ቢሆንስ?" አልኳት። "ይወቁታል ብዬ እጽፋለሁ ማለት ነው?" ብላ መልሳ ጠየቀችኝ። መኮንኑም ለቪያን የነገራት ይህንኑ ነበር፤ መረጃው ለማንኛውም ይገኛል። ለጥያቄዋ ወዲያው መልስ አልሰጠኋትም። በማግስቱ ግን የአንዲት እውነተኛ መምህርት ታሪክ አመጣሁላት።

አንድሬ ጌለን ብራስልስ ውስጥ የምታስተምር ወጣት ነበረች። ተማሪዎቿ የአይሁድነት ምልክት የሆነውን ቢጫ ኮከብ በልብሳቸው ላይ ሰፍተው እንዲመጡ ሲታዘዝ ሁሉም ሕፃናት ከላይ ሽርጥ እንዲለብሱ አደረገች፤ ኮከቡ ከሽርጡ ሥር ቀረ። በኋላ አይሁድ ሕፃናትን ከወላጆቻቸው ተቀብሎ በገዳማት፣ በአዳሪ ትምህርት ቤቶችና በቤተሰቦች ዘንድ የሚደብቅ ቡድን ውስጥ ገባች። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ተርፈዋል። እሷም ዝርዝር ትጽፍ ነበር። እውነተኛው ስም በአንዱ ደብተር፣ የተቀየረው ስም በሌላው፣ የተደበቁበት ቦታ ደግሞ በሌላ ደብተር በቁጥር ተለይቶ ይጻፋል። አንዱ ቢያዝ ብቻውን ምንም አይናገርም። ዓላማው ከጦርነቱ በኋላ ልጁን ለእናቱ ለመመለስ ነው። ጌለን በ2022 በመቶ ዓመቷ አረፈች።

ሁለቱም መምህራን ናቸው፤ ሁለቱም እስክሪብቶ ይዘው ስም ጽፈዋል። ልጄ ልዩነቱን ያለ እኔ ማብራሪያ ተረዳችው። ቪያንም በልብ ወለዱ እስከ መጨረሻው የዝርዝሩ ጸሐፊ ሆና አትቀርም፤ የጓደኛዋን ልጅ እንደ ራሷ ልጅ ታሳድጋለች፣ ሌሎች ሕፃናትንም ለማዳን ነፍሷን ለአደጋ ትሰጣለች። ልጆች ሰው አንዴ ከተሳሳተ በኋላም መነሣት እንደሚችል ከዚህ ያነባሉ።

ልብስ አጣቢዋ አኜዜ

ሁለተኛው መጽሐፍ በ1949 ጣሊያን ውስጥ የታተመው "አኜዜ ልትሞት ትሄዳለች" ነው። ጣሊያንኛ ስለማነብ በየምሽቱ ጥቂት ገጽ እያነበብኩ ለልጄና ለእናቴ በአማርኛ ተረክሁላቸው። ደራሲዋ ሬናታ ቪጋኖ በ1900 ቦሎኛ ተወለደች። የቤተሰቧ ንግድ ሲከስር ትምህርቷን አቋርጣ ሆስፒታል ተቀጠረች። በጦርነቱ ጊዜ ከባሏ ጋር፣ ትንሽ ልጃቸውን ይዘው፣ ከጣሊያን ፀረ ፋሺስት አርበኞች ጋር ተቀላቀለች፤ ቁስለኛ አከመች። ስለዚህ የምትጽፈው ከርቀት አንብባ አይደለም፤ ውርጩንም ረግረጉንም በእግሯ ታውቀዋለች።

አኜዜ ጀግና የምትመስል ሴት አይደለችም። በዕድሜ የገፋች፣ ከባድ ሰውነት ያላት፣ ልባም ሆና ብዙ የማታወራ ልብስ አጣቢ ናት። በኮማክዮ ረግረግ አካባቢ ከታመመ ባሏ ከፓሊታ ጋር ትኖራለች። ጣሊያን በሴፕቴምበር 1943 እጅ ሰጥታ ጀርመኖች ሰሜኑን ሲይዙ፣ ወደ ቤቱ ለመመለስ የሚሸሽ አንድ ወታደር ታሳድራለች። ጎረቤት ይጠቁማል። ፓሊታን ይወስዱታል፤ በመንገድ ይሞታል። ከዚያ በኋላ አንድ ጀርመናዊ ወታደር የፓሊታን ድመት ይገድልባታል። አኜዜ ያን ሌሊት በወታደሩ መሣሪያ ራሱን ትመታዋለች፤ ቤቷን ትታ ወደ አርበኞቹ ትሄዳለች።

እናቴ እዚህ ላይ አቋረጠችኝ። "ለባሏ ሞት ሳትነሣ ለድመት?" አለች። ትንሽ አሰብ አደረገችና ራሷ መለሰች፦ "ድመቷ የመጨረሻዋ ናት። ሌላ የሚወስዱባት ነገር አልቀረማ።" እኔ ከዚህ የተሻለ ትችት አላነበብኩም።

አኜዜ ከአርበኞቹ መካከል ስትገባ የምትሠራው የምታውቀውን ነው። ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ትጥፋለች፣ ሸክም ትሸከማለች፣ መልእክት ታደርሳለች። ቀስ በቀስ መልእክተኞቹን ሴቶች የምታስተባብረው እሷ ትሆናለች። ወጣቶቹ እናታችን ይሏታል። መጨረሻዋን ርእሱ ራሱ ስለተናገረ ምስጢር አላወጣሁም።

ይህ ሁሉ በእውነተኛው ታሪክ ውስጥ መሠረት አለው። በጣሊያን ፀረ ፋሺስት ትግል 35 ሺህ ያህል ሴቶች በአርበኝነት እንደተሳተፉ ይነገራል። ከእነሱ መካከል "ስታፌታ" የሚባሉት መልእክተኞች ነበሩ። ለውትድርና የደረሰ ወንድ መንገድ ላይ ከተገኘ ይታፈሳል ወይም ወደ ጀርመን ለግዳጅ ሥራ ይላካል። የገበያ ዘንቢል በብስክሌቷ ላይ ያሰረች ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ታልፋለች። ከድንቹ ሥር ጋዜጣ፣ መድኃኒት ወይም ጥይት ሊኖር ይችላል። ከእነዚህ አንዷ ቲና አንሴልሚ ናት። በ1944 ባሳኖ ዴል ግራፓ በተባለች ከተማ ወጣቶች በየዛፉ ተሰቅለው ስታይ የ17 ዓመት ተማሪ ነበረች፤ ስታፌታ ሆነች። በ1976 የመጀመሪያዋ የጣሊያን ሴት ሚኒስትር ሆነች።

የአንዲት ብቸኛ ልጅ ወላጆች

ሦስተኛው ታሪክ የሆላንድ ነው። ደራሲ ቴውን ደ ፍሪስ በ1956 "ባለ ቀይ ፀጉሯ ልጅ" የሚል ልብ ወለድ አሳተመ፤ በ1981 ፊልም ሆኗል። የታሪኩ ባለቤት ሃኒ ስኻፍት በ1920 ሃርለም ከተማ የተወለደች የሕግ ተማሪ ነበረች። በ1943 ተማሪዎች ለወራሪው የታማኝነት ቃል እንዲፈርሙ ሲጠየቁ አልፈርምም ብላ ከዩኒቨርሲቲ ወጣች። በኋላ መሣሪያ ይዛ ከወራሪው ጋር የተባበሩ ሰዎችን በመግደል ሥራ ተሰማራች።

እኔ ግን እንደ እናት የማስበው ወላጆቿን ነው። ትልቋ ልጃቸው በ1927 በዲፍቴሪያ ሞታባቸው ነበር። የቀረቻቸው ሃኒ ብቻ ናት። ጀርመኖች ልጅቱን ሲያጡ ወላጆቿን ይዘው ፉኽት በተባለ ማጎሪያ አሰሯቸው። ሃኒ ለተወሰነ ጊዜ እንቅስቃሴዋን አቆመች፤ ወላጆቿ በኋላ ተለቀቁ፤ እሷም ተመለሰች። በማርች 1945 ኬላ ላይ ተያዘች። ቀይ ፀጉሯን ጥቁር ቀብታው ነበር፤ ከሥሩ የበቀለው ቀይ አጋለጣት። ኤፕሪል 17 ቀን ተገደለች። ሆላንድ ነፃ የወጣችው በሜይ 5 ነው፤ ከ18 ቀን በኋላ።

የትግል ጓደኞቿ ትሩስና ፍሬዲ ኦቨርስቴኼን የሚባሉ በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ የነበሩ እህትማማቾች ናቸው። እነሱን ለመመልመል የመጣው ሰው አስቀድሞ እናታቸውን አስፈቅዷል። እናትየው ፈቀደች፤ ምንም ቢመጣ ሰው ሆነው እንዲቀሩም መከረቻቸው። ሁለቱም ከጦርነቱ ተርፈው ለእርጅና በቅተዋል፤ ያደረጉት ነገር ግን ዕድሜ ልካቸውን እንቅልፍ ነስቷቸው እንደነበር ተናግረዋል።

እኔ ብሆን እፈቅድ ነበር? ይህን ጥያቄ ለልጄ አላነሣሁትም፤ ለባለቤቴ ግን አንሥቼ እስከ እኩለ ሌሊት ተነጋግረንበታል። አልተስማማንም። ጥሩ ታሪካዊ ልብ ወለድ ለወጣት የድፍረት ታሪክ ሲሆን፣ ለወላጅ ግን በር ላይ ቆሞ ልጅ የመሸኘት ታሪክ ነው።

ከድል በኋላ የመጣው ዝምታ

እነዚህ መጻሕፍት ለምን አሁን በዙ? አንዱ ምክንያት ሴቶቹ ራሳቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ማለታቸው ነው፤ ዝም እንዲሉ መደረጋቸውም ነው። ጣሊያን በ1945 ነፃ ስትወጣ አርበኞች በየከተማው ሰልፍ ወጡ። በአንዳንድ ቦታዎች ሴቶቹ አብረው እንዳይሰለፉ ተመከሩ ወይም ተከለከሉ፤ ከወንዶች ጋር ጫካ የኖረች ልጅ ስሟ ይነሣል ተብሎ። ብዙዎቹ ወደ ቤታቸው ገቡ፣ አገቡ፣ ወለዱ፤ ስለዚያ ጊዜ የጠየቃቸውም የለም። በ1976 የጥቂት ፒየሞንቴ ሴቶች ምስክርነት በመጽሐፍ ሲታተም የተሰጠው ርእስ "ዝም የተባለው ትግል" የሚል መልእክት ያለው ነበር።

ለውጥ አልመጣም ማለት ግን አይደለም። የፈረንሳይ ሴቶች በ1945፣ የጣሊያን ሴቶች በ1946 ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጡ። የጣሊያንን ሕገ መንግሥት ካጸደቀው ጉባኤ 556 አባላት ውስጥ 21ዱ ሴቶች ነበሩ፤ ከእነሱም በትግሉ ያለፉ ይገኙበታል።

"ዘ ናይቲንጌል" ራሱ የሚጀምረው ከዚህ ዝምታ ነው። ዓመቱ 1995 ነው። አሜሪካ ውስጥ የምትኖር አንዲት አሮጊት ቤት ለመልቀቅ ዕቃ ስትሰበስብ ከአንድ ሣጥን ውስጥ የቆየ መታወቂያ ወረቀት ታገኛለች። ሐኪም የሆነው ልጇ በወረቀቱ ላይ ያለው ስም የማን እንደሆነ ይጠይቃታል። አያውቅም። አሳድጋው፣ አስተምራው፣ ዶክተር አድርጋው፣ ማን እንደነበረች ግን አልነገረችውም። አሮጊቷ ከእህትማማቾቹ የትኛዋ እንደሆነች ለማታነቡት እተወዋለሁ።

በእኛ ቤትስ?

አኜዜን ያሳደደው ፋሺዝም በ1935 አገራችንን የወረረው ያው ሥርዓት ነው። ጣሊያኖቹ ሙሶሊኒን ከ1922 ጀምሮ ተሸክመውታል። ይህን ዝምድና በልብ ወለድ የሠሩበት አሉ። ደራሲ መዓዛ መንግሥቴ በ2019 ባሳተመችው "ዘ ሻዶው ኪንግ" የኢትዮጵያን ሴት ዘማቾች ታሪክ ጽፋ በ2020 ለቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዷ ሆናለች። መጽሐፉን ለዓመታት ስትሠራ ከቆየች በኋላ ነበር የገዛ ቅድመ አያቷ ለጠመንጃ አባቷን ከስሳ አሸንፋ የዘመተች መሆኗን ከእናቷ የሰማችው። እንግሊዝኛ ለሚያነቡ ወጣቶች ደግሞ ኤሊዛቤት ዌን የፈረንሳዩን ትግል በ"ኮድ ኔም ቬሪቲ"፣ የእኛን ወረራ በ"ብላክ ደቭ፣ ዋይት ሬቨን" ጽፋለች።

እናቴ የተወለደችው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። አኜዜ መልእክት በዘንቢል ሥር ደብቃ ኬላ የምታልፍበትን ቦታ ስተርክ፣ ቡናዋን አስቀምጣ "እኛም ቤት እኮ በሶ በኩበት ሥር ይሄድ ነበር" አለች። ሰሜን ሸዋ፣ ሴት አያቴ ሌሊት ገብስ ቆልታ ትፈጫለች፤ ታላቅ አክስቴ፣ የአሥር ዓመት ልጅ፣ ኩበት የያዘ ቅርጫት ተሸክማ ዱር ላሉት ታደርሳለች። እኔ ይህን በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። "ለምን አልነገርሽንም?" አልኳት።

"ምኑ ይወራል? ዱቄት መፍጨት ምን ጀግንነት አለው?" አለችኝ።

አክስቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል። በየት በኩል እንደምትሄድ፣ ማን ይቀበላት እንደነበር፣ ፈርታ እንደነበርና እንዳልነበር አሁን የሚናገር ሰው የለም።

ከልጆች ጋር ስናነብ

እነዚህን መጻሕፍት ለልጆቻችሁ ከመስጠታችሁ በፊት ራሳችሁ አንብቧቸው። "ዘ ናይቲንጌል" ውስጥ ሥቃይና አስገድዶ መድፈር አለ፤ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አልሰጥም። "ኮድ ኔም ቬሪቲ" ለወጣቶች የተጻፈ ቢሆንም የምርመራ ሥቃይ ስላለበት አዋቂ አጠገብ ቢኖር ይመረጣል። ለትንንሾቹ መጽሐፉን ሳይሆን ታሪኩን ንገሯቸው፤ የጌለን ሽርጥ ለሰባት ዓመት ልጅም ይገባል።

"እውነት ነው?" ሲሏችሁ አብራችሁ ለዩ። ቦታው አለ? ሰውየዋ ነበረች? ደራሲዋ ይህን አይታ ነው፣ ሰምታ ነው፣ ወይስ አስባ? ፍቅሩና የቃላት ልውውጡ አብዛኛውን ጊዜ የደራሲው ነው፤ ረሃቡ፣ ሰልፉ፣ ዝርዝሩና ኬላው ግን የዘመኑ ነው። ከዚያ ደግሞ መጽሐፉ ስሟን ያልጠራትን ፈልጉ፤ ቤቷን የሰጠችው፣ ልብስ ያጠበችው የት አለች?

አያቶች ሆይ፣ ከእናንተ የምንፈልገው የጦር ሜዳ ወሬ ብቻ አይደለም። የልጅ ልጆቻችሁም "አያቴ፣ ጀግና ነበርሽ?" ብለው ከጠየቁ "ኧረ እኔ ምን አውቄ" የሚል መልስ ነው የሚያገኙት። እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ በዚያ ክፉ ጊዜ ቤት ውስጥ ምን ይበላ ነበር? ማን ጋገረ? ማን ተሸከመ? እንግዳ ሲመጣ በሩን የሚከፍተው ማን ነበር? ጎረቤት ማንን አሳልፎ ሰጠ፣ ማንንስ ደበቀ? ስልኩን ድምፅ እንዲቀዳ አድርገው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት፤ ቡናው እስኪፈላ የሚነገረው ይበቃል። ስም፣ የመንደር ስምና የወንዝ ስም ሲነሣ በወረቀት ይጻፉት፤ ቶሎ የሚጠፋው እሱ ነውና።